የሥራ አስፈፃሚው በር

አንድ ባለራእይ የማይወጣበት ቤተ ዘመድ የለም፤ በእኛ ቤት ይህ መቅሠፍት የመጣው በእኅቴ ልጅ አምሳል ነው።

ክቡርነታቸው ሲጀምሩ በየሱቁ ሳሙና ያዞሩ ነበር፤ ያኔ «ነጋዴ» ነበሩ። የሳሙናው ንግድ ሲከስር «ሥራ ፈጣሪ» ሆኑ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከፍተው አንድ ሥልጠና ከተካፈሉ ወዲህ ደግሞ «ሰው ተኮር መሪ» ተብለዋል። «ሰው ይቀድማል!» ሳይሉ ስልክ አይዘጉም። «ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ይጸየፋሉ፤ «ቤተሰቤ» ነው የሚሉት። ቤተሰባቸው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲሰፋ ይውላል።

በቅርቡ ለምረቃ ጠሩኝ። አዲስ ሕንፃ መስሎኝ ከረባት አስሬ ሄድኩ። የሚመረቀው ለካ የቢሯቸው በር መነቀል ኖሯል! በሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ክቡርነታቸው ድምፅ ማጉያ ጨብጠው «በእኔና በቤተሰቤ መካከል ከእንግዲህ መዝጊያ የለም!» አሉ። ተጨበጨበ።

ሁሉም «እትዬ» የሚላት የሰፊዎቹ ኃላፊ ግን እጇን አጣምራ ቆማለች። «አባባ፣ አጎቱ እርስዎ ነዎት አይደል? እስቲ ይምጡ ላሳይዎት» ብላ ወደ ሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ ወሰደችኝ። በር የለውም። ነፋስ የሚያነሣው ብጫቂ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ከፊቱ ጫኝና አውራጆች ይመላለሳሉ።

«አንዳችን ጨርቁን ትይዛለች፣ ሌሎቻችን እንለብሳለን። ወጣቶቹ ልጆች አፍረው ሥራ ለቀቁ። ስንነግረው ‹ሐሳባችሁን አከብራለሁ› ይለናል። እኔም እስከ ነገ ካልተሠራ መውጣቴ ነው።»

ደሜ ፈላ። ተመልሼ በእንግዶቹ ፊት ጮኽኩበት፦ «አንተ! የሚሸሽገው የሌለውን ቢሮ ከፍተህ ታስመርቃለህ፤ እነዚህ ሴቶች ገላቸውን የሚሸሽጉበት አጥተዋል!»

«ጋሼ፣ እሱማ በሚቀጥለው ዕቅድ ውስጥ...»

«ዕቅድ ይለበሳል እንዴ?» አለች እትዬ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ አመድ መሰለ። እኔም ሳልሰናበት ወጣሁ።

በማግሥቱ እኅቴ ደወለች። «ልጄን በሰው ፊት አዋረድከው! እህል አልቀመሰም።»

«ይበለው!» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ግን ወደ ፋብሪካው ሄድኩ።

ልብስ መቀየሪያው ላይ ያ የተነቀለው በር ተገጥሟል፤ «ዋና ሥራ አስፈፃሚ» የሚለው የወርቅ ቀለም ጽሑፍ እንኳ አልተነሣም። ጠምሟል። ልጁ አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ካቻቪቴ ይዞ ከፊቱ ቆሟል።

«አናጺ ጠፍቶ ነው?»

«አናጺው ‹ሰኞ ነው የምመጣው› አለ። እትዬ ደግሞ ዛሬ አለች።»

«ጠማማ ነው።»

«አየሁት፣ ጋሼ።»

አሁንም ተናድጄበታለሁ፤ ብሎን ማጥበቅ የማይችል መሪ! ቢሆንም ኮቴን አውልቄ በትከሻዬ በሩን ልደግፍለት ተጠጋሁ። ልጁ እጀታውን ከመንካቱ በፊት «ቆይ! እየለበስን ነው!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

ልጄ እጁን ሰበሰበ። ከዚያም በገዛ ማዕረጉ ላይ በቀስታ አንኳኩቶ፣ ግቡ እስክንባል አንገቱን ደፍቶ ቆመ።