ለቤት ኮምፒዩተር የቀረበ ግለ ሂስ

እስቲ በሞቴ፣ ሰው ቤት ተጋብዞ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ያለ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ቢኖርም ሁለተኛ ስለማይጋበዝ የምንገናኝበት ቦታ የለም። እኛ ጨው የበዛበትን ወጥ «እንዴት ይጣፍጣል!» ብለን፣ ሦስት ብርጭቆ ውሃ አከታትለን፣ ጭማሪም እንቀበላለን። አሜሪካኖች ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው። በገዛ እጃቸው የሠሩትን ነገር ያስይዟችሁና ምኑ እንደሚያስጠላ ንገሩን ብለው ይለምኗችኋል። ስትነግሯቸው ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ጀምሮ ይህን ነገር ላጠናው ሞክሬአለሁ፤ ዛሬም ገብቶኛል ብዬ አልምልም።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ለቤት ኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ኩባንያ ውስጥ እሠራ ነበር። «ኮምፒዩተር ኩባንያ ነው የምሠራው» ስል ሐበሻ የሚሰበሰብበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያሉ ወዳጆቼ ወንበር ይለቁልኝ ነበር። ሥራዬ ካርቶን ማሸግ መሆኑን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን የመመለስ ልማድ የለኝም።

አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃችን ካሮል ሠራተኛውን በሙሉ ሰበሰበችና ሁለት ነገር ነገረችን። አንደኛው፣ የማሸጊያው ክፍል ከሦስት ወር በኋላ ይዘጋል። ሁለተኛው፣ አዲስ ፕሮግራም ገበያ ላይ ሊወጣ ስለሆነ እያንዳንዳችን ኮምፒዩተር ወደ ቤት ወስደን፣ ከቤተሰባችን ጋር ለሁለት ሳምንት ሞክረን፣ ያገኘነውን ጉድለት ሁሉ በፎርም ጽፈን እንድናመጣ። ያለ ፍርሃት ጻፉ አለች። ጥሩ አድርጎ የሠራ አንድ የማሸጊያ ሠራተኛ ፕሮግራም ወደሚሞከርበት የፍተሻ ክፍል ይዛወራል። አሻጊዎቹ ስድስት ነን። ባለቤቴ ወይንሸት የነርስነት ትምህርት ጀምራለች፤ እኔ ከሥራ ከወጣሁ ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

እኔን ግራ ያጋባኝ ያ «ያለ ፍርሃት» የሚሉት ነገር ነው። የቀበሌ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲሰማ በሩ የት እንዳለ ያያል። እኛ ቀበሌም ሊቀ መንበሩ «ጓዶች፣ ያለ ፍርሃት ሂስ አቅርቡ» ሲሉ አንድ ጎረቤታችን አምኖ ተነሣና ስለ ስኳር እጥረት ተናገረ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ልባም ሰው ሂስ አያቀርብም፤ ግለ ሂስ ነው የሚያቀርበው። ሌላው ሳይቀድመው ራሱን በራሱ ይወቅሳል፣ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

ኮምፒዩተሩን ፓልምስ ሠፈር ያለው አፓርታማችን ወስጄ ከቴሌቪዥናችን ጋር አገናኘሁት። ፕሮግራሙ የቤተሰብ መዝገብ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ልደት፣ ክትባት ይይዛል ተብሏል። በመጀመሪያ የቤተሰቡን ስም ጠየቀኝ። የአባቴን ስም «ወርቁ» ብዬ ሰጠሁት። ቀጥሎ የሚስቴን ስም «ወይንሸት ታደሰ» ብዬ ስጽፍ ጮኸና የቤተሰብ አባል ሁሉ አንድ ስም ሊኖረው ይገባል አለ። ልጃችን ማርታ ደግሞ፣ እንደ አገራችን ደንብ፣ የምትጠራው በእኔ ስም ነው። እሷንም አልቀበልም አለ። አንድ ቤት፣ ሦስት ሰው፣ ሦስት የአባት ስም! በማሽኑ ዓይን ቤተሰብ ሳንሆን የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ነበርን። ለሦስተኛ ጊዜ ስሞክር ድርቅ ብሎ ቀረ።

ወይንሸት ነገሩ ቀላል መስሏት፣ «ይኼንኑ ፕሮብለም ጻፍላቸዋ፣ ለዚህ አይደል የሰጡህ?» አለችኝ። እኔ ግን ጋሼ ታፈሰን ሳላማክር እጄን አላነሣም ብዬ ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ። ጋሼ ታፈሰ ዛሬ ምግብ ቤት ይክፈቱ እንጂ አዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ሦስት ሚኒስትር ሲወርድ እሳቸው ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ከእሳቸው የተሻለ አማካሪ ከየት ይመጣል?

በጥሞና አዳመጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስማ ልጄ፣ ፕሮግራሙን ቴስት የሚያደርግ ኢንጂነር ሞልቷቸው የለ እንዴ? ቴስት የሚያደርጉት አንተን ነው። ኦኬ?» አሉኝ።

ኦኬ አልኩ። እንዲያውም እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዴት እንዳልታየኝ ገረመኝ። ቤቴ ተመልሼ ፎርሙን በቀይ ወጥ እንዳይበላሽ ከጠረጴዛው ራቅ አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ። ማሽኑ የባለቤቴን ስም አልተቀበለም፤ ስንጋባ መቀየር ሲገባን ባለመቀየራችን ጥፋቱ የእኛ ነው። የልጄም ስም አልተስማማውም፤ ስም ሳወጣላት አላማከርኩትም። ደጋግሜ ስጫነው ቆሟል፤ ችኩል ስለሆንኩ ነውና አይደገምም። የልደት ቀኔን ስሰጠው ሁሉን ነገር አጥፍቶታል፤ እኔም ቀኑን በእርግጠኝነት ስለማላውቀው አልፈርድበትም። በመጨረሻም ለደረሰበት መጉላላት ይቅርታ ጠይቄ ፈረምኩ።

ወይንሸት ከትከሻዬ ላይ ሆና አነበበችው። ትስቃለች ብዬ ነበር። «የአባቴን ስም ነው ለቴሌቪዥን ይቅርታ የጠየቅህበት?» አለችና መኝታ ቤት ገባች። ታደሰ ልጃቸውን ሲድሩልኝ እጄን ይዘው ያለቀሱ ሰው ናቸው። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ፎርሙን ግን አልቀደድኩትም፤ ፍርሃቴ ከኀፍረቴ ይበልጥ ነበር።

ፎርም የምናስረክብበት ቀን ደረሰ። አብሮኝ የሚያሽግ አንድ ፈረንጅ አራት ገጽ ሙሉ ስድብ ጽፎ መጥቷል። ፕሮግራሙ ቀርፋፋ ነው፣ መልኩ ያስጠላል፣ የሠራውም ሰው ከሥራ ይባረር ይላል። ከፍ ባለ ድምፅ ተነበበ። እኔ ሰውየው ሲወሰድ ላለማየት ዓይኔን ልጨፍን ስል ኬክ መጣለት። የሰደባቸው ኢንጂነሮች ተነሥተው አጨበጨቡ! ወዲያው ወደ ፍተሻ ክፍል መዛወሩ ተነገረ።

ያን ጊዜ የወይንሸት ትምህርት አበቃለት አልኩ። ካሮል የእኔን ፎርም ሁለቴ አነበበችና መነጽሯን አውልቃ ቢሮዋ ጠራችኝ። ይህን የጻፍኩት ከልቤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከልቤ በመሆኑ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳትናደድ፣ ሳትስቅም፣ ሰው ሲጮህብኝ እንዲህ ይቅርታ እያልኩ ምን ያህል ጊዜ መቆየት እንደምችል ጠየቀችኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ በዚሁ ላይ መሆኔን ነገርኳት።

በማግሥቱ ከደንበኞች አቤቱታ የሚቀበል አዲስ የስልክ ክፍል ውስጥ ተመደብኩ። ጠረጴዛ አለኝ፣ የሚሽከረከር ወንበር አለኝ። ወይንሸት ለሥራው ደስ እንዳላት፣ ለአባቷ ጉዳይ ግን ይቅርታ እንዳላደረገችልኝ ገለጸችልኝ፤ ትምህርቷንም ቀጠለች። ፕሮግራሙ ቀርፋፋነቱ ተስተካክሎ፣ መልኩ አምሮ ገበያ ወጣ። የስሙን ነገር ማንም አልነካውም። ሌሎቹ ሞካሪዎች ቤት ሁሉም ሰው አንድ ስም ስለነበረው ችግሩ የገጠመው እኔን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ጥፋቱን በሙሉ ወስጃለሁ።

የመጀመሪያዋ ደዋይ የሳን ዲዬጎ ሴት ናት። ባል ካገባች በኋላም በአባቷ ስም መጠራት መርጣለች፤ ማሽኑ ደግሞ የዚህ ቤት ሰው አይደለሽም ብሏታል። ጮኸች፤ እንደሙያዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አሁንም ጮኸች።

«ለመሆኑ ይሄን ነገር ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ቤተሰብ እንኳ አልሞከረውም?» አለችኝ።

«አንድ ቤተሰብ ሞክሮታል፣ እመቤቴ።»

«እና ምን አሉ?»

«ይቅርታ ጠየቁ» አልኳት።