የአራተኛው ራክ ባለቤት

ሥራ ፈትቶ ሥራ የበዛበት መምሰል ከባድ ጥበብ ነው። ስንቱ ሰው ይችለዋል? ወረቀት በብብቱ ሸጉጦ ቶሎ ቶሎ የሚራመድ፣ ሰላም ሲሉት «ቆይ ልመለስ» ብሎ የሚያልፍ፣ ከዚያ ጥግ ይዞ ጥርሱን ሲፍቅ የሚውል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ። እኔ በኡኬ ከተማም በነቀምትም ብዙ አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹ ሲሾሙም አይቻለሁ። ማሽን ይህን ጥበብ እንደሚችለው ያወቅሁት ግን በቅርቡ ነው። ያወቅሁትም እንጀራዬን ሊያሳጣኝ ትንሽ ሲቀረው ነው።

የምሠራው ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ገና ደመወዝ እበላበታለሁ። ሹመቴ የቀን ጥበቃ ነው። ከሦስተኛ ክፍል ወዲያ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ የኮምፒውተሮቹ ክፍል ቁልፍ ግን የሚንጠለጠለው እኔ ወገብ ላይ ነው። ዳይሬክተራችን ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው መግባት ሲፈልጉ «ጉደታ፣ ክፈትልኝ» ይላሉ። ከዚህ በላይ ሥልጣን አለ?

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ የሚረዝሙ ስድስት የብረት ቁም ሳጥኖች ተደርድረዋል። ራክ ይሏቸዋል። ሆዳቸው ኮምፒውተር ታጭቆበት ያለ ዕረፍት ያጓራሉ። በፊታቸው ስትቆም የማቀዝቀዣው ብርድ የሐምሌን ዶፍ ያስመሰግናል፤ በኋላቸው ስትዞር የሚተነፍሱት ሙቀት ዴዴሳ ቆላ የወረድክ ያስመስልሃል። የእኔ ሥራ ወለሉን መጥረግ፣ ቀይ መብራት ካየሁ መደወል ነው። አራተኛው ራክ ቀይ አያውቅም፤ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኖ ሲያብለጨልጭ ይውላል። ወለጋን በሙሉ የተሸከመው እሱ ይመስለኝና አቧራውን ስጠርግለት ኮፍያዬን አወልቅ ነበር።

ከዚያ ኢንጂነር ትዕግስት መጣች። አያቷ ከጎጃም የመጡ፣ እሷ እዚሁ ነቀምት ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ በኦሮምኛ ስትቀልድ እኔን ታስንቀኛለች። በየራኩ አንዳንድ የመብራት ቆጣሪ አሰረችና እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። «ኦቦ ጉደታ፣ እስከ ዛሬ የሚመጣልን የሕንጻው ጠቅላላ ፍጆታ ነው። ድስቱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ማን እንደበላው አይታወቅም። አሁን ግን እያንዳንዱ ራክ የጎረሰውን እናውቃለን።» እኔም ደግ አደረግሽ፣ ሌባ ይያዝ አልኳት። ሌባው ማን እንደሚሆን ማን ነገረኝ?

አሁን ወደ ዶሮዋ ልለፍ። ዶሮ ከየት መጣች እንዳትሉኝ፤ ነገሩን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት። ፈንግል ገብቶ የሰፈራችንን ዶሮ ሲፈጅ፣ ከባለቤቴ ከሃዳ ጫልቱ፣ ከልጄ ከጫልቱ እናት፣ ዶሮዎች የተረፈችው አንዲት ገብስማ ብቻ ነበረች። እሷም አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋ በሁለተኛው ቀን ሸለመጥማጥ በላት። ሃዳ ጫልቱ እንቁላሎቹን እያየች ዝም አለች። ይህች ሴት ስትሰድበኝ ለምጃለሁ፤ ዝም ስትል ግን አልችልም። ከዚያ ሁሉ የዶሮ ዘር የቀረው እነዚያ እንቁላሎች ብቻ ናቸው።

«እኔ እፈለፍላቸዋለሁ» አልኩ።

«ልትታቀፋቸው ነው፣ አባ ጫልቱ?» አለችኝ። በአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሳቁ። አንደኛው መታቀፊያ ቁና ላምጣልህ ወይ አለኝ።

ልታቀፋቸው አላሰብኩም፤ ያሰብኩት አራተኛውን ራክ ነው። በማግሥቱ እንቁላሎቹን በካርቶን አድርጌ ከራኩ ኋላ፣ ሙቀቱ ከሚወጣበት ሥር አኖርኳቸው። በጣሳ ውሃ አስቀመጥኩ፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥ የራኩን ጀርባና ካርቶኑን አንድ ላይ በጋቢዬ ሸፈንኩ። እንቁላሉን የዐይኔ ቆብ ላይ አስጠግቼ ስለካው ልክ የገብስማዋ ደረት ነው። የጉቶ ጊዳ ወረዳ የልማት ሠራተኛ በቀን ሦስት ጊዜ አገላብጡ ሲል ሰምቼ ስለነበር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት እና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋቢውን ገልጬ አገላብጣለሁ። የከተማው መብራት ቢሄድ ጄኔሬተሩ ይነሳል። እንዲህ ተንደላቃ የታቀፈች ዶሮ በአራቱም ወለጋ አትገኝም።

እንቁላሎቹ አሥራ ዘጠኝ ቀን በሞላቸው ማክሰኞ ጠዋት፣ ትዕግስትና ኦቦ ፈይሳ አብረው ከተፍ አሉ። ሌላ ጊዜ «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ጉደታ» ብላ ደኅና አደሩ ስትለኝ ድምጿ ግቢውን ይሞላዋል፤ ያን ቀን በቀስታ ነው ያለችው። ኮምፒውተሯን ከፍታ አንድ መስመር አሳየች።

«አራተኛው ይኼ ነው» አለች። «አንደኛ፣ ይበላል እንጂ አይሠራም። ወደ እሱ የሚገባ፣ ከእሱ የሚወጣ ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ አበላሉ ብሷል። የሆነ ነገር ትንፋሹን የዘጋበት ይመስል ማራገቢያዎቹ ይሮጣሉ። በቀን ሦስት ጊዜ ለትንሽ ደቂቃ ይረግብና እንደገና ይነሳበታል። ሁለት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት።»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። መስመሩ በየቀኑ ሦስት ጥርሱን አውልቋል። እኔ ያ ቆጣሪ እንደ ቤታችን ቆጣሪ ወር ጠብቆ ድምሩን ብቻ የሚናገር መስሎኝ ነበር። ለካስ በየደቂቃው የሚያሳብቅ ኖሯል። እንቁላል ባገላበጥኩ ቁጥር ፎቅ ላይ ቢሮዋ ለተቀመጠችው ለትዕግስት ስነግራት ከርሜአለሁ።

«እሁድ እሁድ ግን» አለች ዐይኗን ከመስመሩ ሳትነቅል «የጠዋቱ የለም።»

«እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳላ» አሉ ኦቦ ፈይሳ። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እኔ እሁድ ጠዋት መዘምራኑ ጋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነኝ፤ ኦቦ ፈይሳ ደግሞ ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና ይህ ከሩቅ ሆኖ ማሽናችንን የሚጠቀም ሰርጎ ገብ ነው አሉ፤ ለፖሊስ መነገር አለበት አሉ። ወደ እኔም ዞረው «ጉደታ፣ ዐይንህን ከዚህ በር እንዳትነቅል። ሰውዬውን የምትይዘው አንተ ነህ» አሉኝ። ራሴን እንድይዝ በቃል ታዘዝኩ ማለት ነው። እሺ ጌታዬ ከማለት ሌላ ምን አለኝ?

ትዕግስት ወደ ራኩ ኋላ ማምራት ጀመረች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። «ኢንጂነር፣ ማሎ፣ እባክሽ ቆዪ፣ የአይጥ መርዝ በትኜበታለሁ» አልኳት። ቆመች። የጫማዋን ጫፍ አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ከሚገባው በላይ አየችኝ።

«እንግዲያው እናጠፋዋለን» አለች። «አጥፍተን ማን እንደሚጮህ እንጠብቃለን። ሥራው የተቋረጠበት ክፍል ካለ ስልክ መደወሉ አይቀርም። አንድ ሰዓት ሙሉ የሚጮህ ከጠፋ፣ ራኩ ባለቤት የለውም፤ ለዘለዓለም ይጠፋል። ከጮኸ ግን ወዲያው ይመለሳል።» ኦቦ ፈይሳ አሠራሩ አስደሰታቸው። ደብዳቤ ይጻፍ፣ እኔ እፈርምበታለሁ አሉ።

ዛሬውኑ እናጥፋው እንዳይሉ ብዬ፣ «ደብዳቤው በየክፍሉ ሳይደርስ ብታጠፉት በኋላ ጥፋቱ የእናንተ ነው የሚሆነው» አልኩ። ኦቦ ፈይሳ ጥፋት በሚለው ቃል በጣም ይደነግጣሉ። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ተባለ። ሐሙስ ማለት ጫጩት የሚፈለፈልበት ሃያ አንደኛው ቀን ነው።

ረቡዕ ደብዳቤው በየክፍሉ ዞረ። ሁሉም «አራተኛው ራክ እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ እንዳይነካ» ብለው መለሱ። ለምን እንደሚያስፈልግ የጻፈ ግን አንድም የለም። በስሙ ብቻ ተከብሮ የኖረ ራክ ነው።

ሐሙስ ካርቶኑን ላወጣው ማልጄ ገባሁ። ጋቢውን ስገልጥ ሰባቱ እንቁላል ተሰንጥቋል፤ ከአንደኛው ቀዳዳ ምንቃር ብቅ ብሎ ይተነፍሳል። እንዲህ እንዳለ ወደዚያ ብርድ ባወጣው ይሞታል። ብተወው ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ይጠፋል፣ አሁንም ይሞታል። ብናገር እባረራለሁ። ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ እንዲህ ያለ ፈተና ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ ይሰጣል? ጋቢውን መለስኩና ከራኩ አጠገብ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

አራት ሰዓት ላይ መጡ። ኦቦ ፈይሳ የጠረጴዛ ስልካቸውን ከነገመዱ አስጎትተው አምጥተዋል። ትዕግስት ማጥፊያው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ላቤ በማቀዝቀዣው ፊት ይንቆረቆራል።

«ኦቦ ጉደታ፣ አሞዎታል?» አለች።

«ለራኩ አዝኜ ነው» አልኳት።

ተጫነችው። አረንጓዴዎቹ አንድ ባንድ ጨለሙ። ማራገቢያዎቹ ጉሮሯቸው እንደተያዘ እየቀነሱ፣ እየቀነሱ ሄደው ዝም አሉ። ስልኩን አየነው። ዝም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ያ ሁሉ እጅግ አስፈላጊ ያለ ክፍል አልደወለም። እኔ የማዳምጠው ስልኩን አይደለም፤ ከጋቢው ሥር የሚሸሸውን ሙቀት ነው። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ጋቢውን ነካሁት። ለብ ብሎ ቀርቷል። ሩብ ሰዓት።

«እንግዲህ ሰዓቱ እስኪሞላ ምን ያስጠብቀናል፣ ባለቤት የለውም» አሉ ኦቦ ፈይሳ።

ይህን ጊዜ ከራኩ ኋላ፦ ጲው።

ትዕግስት ቀና አለች። ጲው ጲው ጲው። ብርድ የነካው ጫጩት እንዴት እንደሚጮህ ዶሮ ያረባ ያውቃል፤ ቤት ያፈርሳል። የአይጥ መርዙን ረስታ ዞረች፤ ጋቢውን ገለጠች። ከዚያ «የእሁዱም ገባኝ» አለች።

ኦቦ ፈይሳ ፊታቸው ጠቆረ፤ የመንግሥት ንብረት፣ ክህደት፣ መባረር የሚሉ ቃላት አከታተሉ። እኔ ቁልፉን ከወገቤ መፍታት ጀመርኩ። ትዕግስት ግን ጣቷን ወደ ማብሪያው መለሰች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሏት።

«ከጮኸ ወዲያው ይመለሳል ይላል ደብዳቤው» አለች። «ጮኸ። የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

ማራገቢያዎቹ ተነሱ። ለእነዚያ ማሽኖች ያን ያህል ዜማ ኖሯቸው አያውቅም። እስከ ማግሥቱ ድረስ ዘጠኝ ጫጩት ወጣ፤ በካርቶን ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ሃዳ ጫልቱ ቆጠረቻቸውና ሦስቱን እንቁላል የት በላሃቸው ብላ ሰደበችኝ። ደስ አለኝ።

አራተኛው ራክ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ጠፋ። ያኔ ማንም አልጮኸም፤ እስከ ዛሬም የጮኸ የለም። ኦቦ ፈይሳ ኃይል በመቆጠባቸው የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷቸው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

ለእኔም ወረቀት ደርሶኛል። ትዕግስት ናት ያነበበችልኝ፤ እያነበበች ሁለት ጊዜ ሳቅ አቋረጣት። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ጥፋቴም ቃል በቃል እንዲህ ተጽፏል፦ «አራተኛውን ራክ ያለ ፈቃድ ሥራ ላይ በማዋል።»