ልትፈለፈል የደረሰችው ልጅ

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይላሉ። እኔ ትናንት ሌሊት ያለምኩት ግን ዶሮዋን ራሷን ነው፤ ያውም መነጽር አድርጋ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤታችን የፈጠራ ሥራ ውድድር አለው። እኔ የማቀርበው በቴሌቪዥን ካርቶን የሠራሁትን የእንቁላል መፈልፈያ ነው። አምፖል ያሞቀዋል፣ ከሞተ ኮምፒውተር የነቀልኩት ማራገቢያ አየሩን ያዟዙርለታል፣ ሙቀቱ ሲበዛ አምፖሉን የሚያጠፋውን ነገር ደግሞ ራሴ ነኝ የበየድኩት። ውስጡ አራት እንቁላል አለ። በአንድ ጎናቸው ኤክስ፣ በሌላው ዜሮ ጽፌባቸው፣ የትኛው ጎን ከላይ እንደነበረ እያየሁ ሳገላብጣቸው ከረምኩ። ትናንት ማታ አንደኛው ከውስጥ «ጭው» ሲል ሰማሁት። ዳኞቹ ፊት ከተፈለፈለ ማን ይችለኛል ብዬ ከካርቶኑ አጠገብ ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ።

አባዬ ግን ነገሬን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የትምህርት ቤታችን ዩኒት ሊደር እሱ ነው፤ ጋሽ ሞላልኝ መጣ ሲባል ተማሪው ሁሉ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል። ደወል ከተደወለ በኋላ የመጣን ሁሉ በር ላይ አንበርክኮ እጁን ወደ ላይ ያስነሣዋል። እኔንም ልጁን አንበርክኮኛል፤ ያን ቀን ቁርስ ያበላኝ ራሱ ሆኖ። ስለ እንቁላሎቼም በደብረ ብርሃን ብርድ እንኳን ጫጩት ሰውም ከብርድ ልብሱ አይወጣም፣ ብትጠብሻቸው ይሻልሽ ነበር እያለ ሲያበሽቀኝ ሰነበተ።

እና በሕልሜ ትምህርት ቤት ስደርስ በሩን የያዘችው ያቺ ባለ ፊሽካ ገብስማ ዶሮ ነበረች። እግሯ ሥር አንድ ትልቅ ሰው ዩኒፎርም ለብሶ፣ ቦርሳ አዝሎ፣ ተንበርክኮ እጁን ወደ ላይ ሰቅሏል። ጠጋ ብዬ ሳይ አባዬ ነው።

«ወላጅ አምጣ ተባልኩ» አለኝ አቀርቅሮ። «እባክሽ አንቺ ግቢልኝ።»

ዶሮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና የዚህ ልጅ ወላጅ እኔ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነኝ አልኳት። ልጅዎ ሁልጊዜ ያረፍዳል፣ ቤት ውስጥ ቆጣ ብለው ያሳድጉት እንጂ አለችኝ። እኔም በልጄ ስም አፍሬ፣ ሁለተኛ አያረፍድም ብዬ በጥፍሬ ፈረምኩለት። አባዬ ጉልበቱን አራገፈና እየዘለለ ገባ።

ግቢው ውስጥ መምህራኑ ሽንት ቤት ለመሄድ ተማሪዎቹን ያስፈቅዱ ነበር። ከሜዳው ጥግ ደግሞ አሮጌ ራዲዮዎች ተሰብስበው፣ የሰፈራችንን ራዲዮ ጠጋኝ ጋሽ ይመኑን ጠረጴዛ ላይ በደረታቸው አስተኝተው ጀርባቸውን በመፍቻ ይጎረጉራሉ። ድምፃቸው ይንኮሻኮሻል ተባለ። አንዱ ሽማግሌ ራዲዮ አንቴናውን ነቀነቀና የባትሪ ድንጋያቸው ደክሞ ነው፣ ፀሐይ ላይ አስጧቸው አለ። ቆርቆሮ ላይ አሰጧቸው። ጋሽ ይመኑም ሞቅ ሲላቸው ጥርት ባለ ድምፅ ዜና ማንበብ ጀመሩ። በሳቅ ፈረስኩ።

አዳራሹ ውስጥ ስገባ ለውድድር የቀረቡት ሰዎች ናቸው፣ ዳኞቹ ዶሮዎች። ምንም ሳይጠይቁኝ አንሥተው ቤት የሚያህል ካርቶን ውስጥ ከተቱኝ። ግንባሬ ላይ በከሰል ኤክስ፣ ማጅራቴ ላይ ዜሮ ጻፉብኝ። አምፖሉ በራ። ሲያሞቁኝ፣ ሲያገላብጡኝ፣ ወይ ጉድ፣ የእንቁላል ኑሮ እንዲህ ይጥማል ለካ።

ድንገት አምፖሉ ሰው ሄደ ብሎ ጮኸ። እዚያ አገር የሚሄደው መብራት አይደለም፤ ሰው ነው። ከተማው ጭር አለ። አምፖሎቹ በየመስኮቱ ብቅ ብቅ እያሉ፣ የእኛ ሰፈር ብቻ ነው ወይስ ማዶም ሄዷል ተባባሉ። ሰው ከሌለ ለማን እናበራለን ብለውም አንድ በአንድ ጠፉ። እኔ ካርቶኔ ውስጥ ጥርሴ ተንገጫገጨ። እንዲህ ከቀዘቀዝኩ እንደማልፈለፈል አውቃለሁ፤ ፈራሁ። አንዷ ዳኛ ልታገላብጠኝ ስትል ገብስማዋ ከለከለቻት።

«ይቺ ልትፈለፈል ደርሳለች» አለች። «የደረሰ አይገላበጥም፤ ይታቀፋል።»

መነጽሯን አወለቀችና ላዬ ላይ ቁጭ አለች። ሞቀኝ። ጠረኗ ልክ የአባዬ ካፖርት ነበር። ደስ ብሎኝ ቅርፊቱን በአፍንጫዬ መታሁት፣ ሰነጠቅሁት፣ ጭንቅላቴን ብቅ አደረግሁና ነቃሁ።

ነግቷል። አምፖሉ ጠፍቷል፣ ማራገቢያውም ቆሟል። መብራት ሄዷል። ካርቶኑ ውስጥ እጄን ስሰድ ቅዝቅዝ ብሏል፣ እንቁላሎቹም የሉም። ጠበሳቸው ብዬ ወደ ማድቤት ሮጥኩ። እንባዬ መጥቷል። መጥበሻው ግን ከተሰቀለበት አልወረደም።

አባዬን ሳሎን አገኘሁት። ካፖርቱን እንደለበሰ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ሁለት ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ቴርሞሜትሬ በአንገቱ በኩል ብቅ ብሏል። ዓይኑ ቀልቷል። መብራቱ ሌሊት እንደሄደ፣ እኔን መቀስቀስ አሳዝኖት ሁለቱን በዚህ፣ ሁለቱን በዚያ ብብቱ ይዞ እንዳደረ ሳይንቀሳቀስ ነገረኝ። ካፖርቱ ውስጥ የሆነ ነገር «ጭው» አለ። ዘልዬ ላቅፈው ስል በዓይኑ አስቆመኝ።

ከማዶ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። አባዬ ያንን ደወል ከግቢ ውጭ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም።

«ባጃጅ ጥሪ» አለኝ በሹክሹክታ። «ጉድጓድ ላይ የማይዘል ሹፌር ይሁን።»

«በሩ ተዘግቷል እኮ፣ አባዬ። ያረፈደን ማንም ቢሆን እንዳትምረው ብለህ ዘበኛውን ያዘዝከው አንተ ነህ።»

በዓይኑ ብቻ ወደ ብብቱ አየ።

«መንበርከኩስ ግድ የለም» አለ። «እጅ ወደ ላይ ካሉኝ ግን አለቀልን።»