ቢቦ ኤን መዘዞ

እኛ ሰሜን ሸዋዎች «የት ነው የምትኖረው?» ስንባል ሌላ ጥያቄ የተጠየቅን ይመስል የምንመልሰው ሌላ ነው። ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው፤ ዕድራችን፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ ከጎረቤት የምንጨቃጨቅበት አጥር ሳይቀር እዚያው ነው። አፋችን ግን የተወለድንበትን ይጠራል። ለምን ብትሉ፣ እሱን ትቶ ሌላ መጥራት አገርን መካድ ይመስለናላ!

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ የመዘዞ ሰው ናቸው። ማድሪድ ያለችው ልጃቸው ሕይወት ስፔናዊ ልታገባ ነውና ከሠርጉ በፊት እሳቸውና የሙሽራው እናት በስልክ ሊተያዩ ቀን ተቆረጠ።

«በልጄ አፍ ብቻ ካወራሁማ ምኑን ተዋወቅን? አንዲት ነገር እንኳ በራሴ አንደበት ልበላቸው እንጂ» አሉ።

ሕይወትም «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው» የሚለውን በስፔንኛ በድምፅ ላከች። አስጠኚው እኔ ሆንኩ። «ቢቦ ኤን ደብረ ብርሃን።» እትዬ አስካለ ሽንኩርት ሲከትፉም፣ ልብስ ሲያሰጡም፣ ገበያ ሲወርዱም ይህንኑ ሲሉ ሰነበቱ። ባለቤታቸው ጋሽ ተፈራ ደግሞ የደብረ ብርሃን ተወላጅ ናቸው። የከተማቸው ስም ማድሪድ ሊሰማ ነው ብለው ኮታቸውን አስተኮሱ።

ቀኑ ደረሰና አንዲት ሽበታም ሴትዮ በስልኩ ውስጥ ፈገግ አሉልን። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቢቦ ኤን... መዘዞ!»

ጋሽ ተፈራ ዞረው አፈጠጡባቸው። «አንቺ! ይሄን ሁሉ ዓመት ታዲያ ማን ቤት ነው የኖርሽው?»

«ውይ በሞትኩት! ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ እኮ መዋሸት አቃተኝ!» አሉና ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ያን ያህል ለፍተው እንዲህ ሲያፍሩ አንጀቴን በሉት።

ሴትዮዋ ግን በተራቸው ቀስ ብለው «ቢቦ ኤን...» ብለው የማናውቀው ስም ጠሩ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ሕይወት በሳቅ ፈነዳች።

«እማዬ፣ የሚኖሩት እዚሁ ማድሪድ ነው! የጠሩት የተወለዱበትን መንደር ነው፤ ከወጡበት ስንት ዘመናቸው!»

እትዬ አስካለ ነጠላውን ከፊታቸው ገለጡ።

«እሰይ! እኚህስ የሰው ልጅ ናቸው። ልጄን ሰጥቻለሁ!»

ጋሽ ተፈራ ግን በዚህ የሚበርዱ አልሆኑም። ስልኩን ነጥቀው «ቢቦ ኤን ደብረ ብርሃን!» ብለው ጮኹና ወደ እኔ አዞሩት።

«አንተ እንኳ በትክክል ንገርልኝ፤ አስጠኚው አንተ አይደለህ?»

እኔም ቤት ሠርቼ፣ ልጆች ወልጄ የምኖርባትን ከተማ እያሰብኩ አፌን ከፈትኩ።

«ቢቦ ኤን አንኮበር!»