የተኛ በሬና የተኛ አሞርዛተር

የዋስትና ወረቀት የሚጽፉ ሰዎች ከመካነ ኢየሱስ ወገዳ በመኪና ሄደው አያውቁም። ቢሄዱማ ኖሮ ወረቀቱ ላይ «እግዜር ይሁናችሁ» ብለው ብቻ ይፈርሙ ነበር!

ለአሮጌዋ ፒክአፔ ሁለት የኋላ አሞርዛተር ደብረ ታቦር ገዛሁ። አሞርዛተር ማለት ጉድጓዱን ውጦ የእናንተን ወገብ የሚያተርፍ ዕቃ ነው፤ ሱቅ ውስጥ እንዲያ ይባላል። ኦርጅናል አይደለም፣ ግን የአንድ ዓመት ዋስትና አለው። በሁለተኛው ወር የግራው ዘይቱን አፍስሶ ተኛ።

መተኛቱ ባልከፋ… ወገዳ ያለችው የባለቤቴ እህት ወልዳ፣ ክርስትናው እሑድ ነው። ለአማቶቼ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ! ታዲያ ፊት ወንበር የአማቴ የአባባ ይመር ነው፤ ወገባቸውን የሚያማቸው ባለቤታቸው እማማ ጥሩነሽ ከኋላ በግራ፣ በተኛው አሞርዛተር አናት ላይ ይቀመጣሉ። ብንሞክር ገና ከከተማው ሳንወጣ «አውርደኝ ልጄ፣ እኔስ ቀረሁ» ብለው አለቀሱ። እኔም ከፋኝ።

አባባ ይመር የገዛው በሬ የተኛበት ገበሬ ሁሉ ከሻጩ ጋር እንዲዳኙት የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው።

«የገዛኸው በሬ ትልም ላይ ቢተኛ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

«እመልሳለሁ።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

ተያይዘን ሱቁ ሄድን። ሻጩ ወረቀቱን አነበበ፤ «በአስፋልት ላይ ለተነዳ፣ ከመጠን በላይ ላልጫነ…» ወደ ወገዳ አስፋልት ከየት ላምጣለት? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ አይደል?

«አስፋልት እንደሚፈልግ ስትሸጥለት ነግረኸዋል?» አሉት አባባ።

«ወረቀቱ ላይ አለ፣ አባባ።»

«በአፍህ ነው ያልኩህ። በሬ ሻጭ የበሬውን ዐመል በአፉ ይናገራል።»

ሻጩ አቀረቀረ። «በአፌስ አልነገርኩም።»

«እንግዲያ ትቀይርለታለህ።»

ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ሻጩ እጁን ወደ መደርደሪያው ሲሰድ ግን አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቆይ፣ ገዢም ይጠየቃል። ምን ጫንክበት?»

«ትንሽ… ገብስ።»

«ስንት?»

መደርደሪያው ላይ ያሉትን አሞርዛተሮች መቁጠር ጀመርኩ። እሳቸው ለሻጩ መለሱለት፤ «አሥራ አራት ኩንታል ነው። ገብሱ የኔ ነው፤ ከምትመላለስ ጨምርበት ያልኩትም እኔ ነኝ። ከአቅሙ በላይ የተጠመደ በሬ አይመለስም።»

የሻጩ እጅ ከመደርደሪያው ተመለሰ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ምናለ ይችኛዋ አንድ ቀን ብታድር! ተናድጄ እስከ ቤት አላነጋገርኳቸውም።

እሑድ ጠዋት እማማ በለመዱት የኋላውን በር ሲከፍቱ፣ አባባ እጃቸውን ይዘው ፊት አስቀመጧቸው። ጋቢያቸውን አጥፈውም ከጀርባቸው አደረጉላቸው። ከዚያ ራሳቸው ከኋላ በግራ ገቡ።

«አባባ፣ እዚያ እኮ…» አልኩ።

«ያስጫነው ይቀመጥበት። ንዳ።»

አባባ በየጉድጓዱ ኮርኒሱን በራሳቸው እየመቱ «ይበለኝ!» እያሉ ወገዳ ደረስን። እማማ እንደ ወጣት ዘለው ወርደው ሕፃኑን ታቀፉ፤ አባባን ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳቸው። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ምክሬ ይኸውላችሁ፦ ዕቃ ስትገዙ ወረቀቱን አትመኑ። የፈረደውን በገዛ ወገቡ የሚከፍል ዳኛ ፈልጉና ከኋላ በግራ አስቀምጡት።