የዋሻው በር ሹም

በር ጠባቂ የሆነ ሁሉ ውሎ ሲያድር በሩ የራሱ ይመስለዋል። ቤተ መንግሥት አቁሙት፣ የከብት በረት አቁሙት፣ ያው ነው፤ ደረቱን ነፍቶ «ማነህ?» ሳይል የወለደችውን እናቱንም አያሳልፍ። የእኛው ግን ከሁሉም የባሱ ነበሩ። ስማቸው እንግዳው ሆኖ እንግዳ አይወዱም።

ጊዜው 1931 ዓ.ም. ነው። ከጣሊያን ጋር ስንዋጋ የቆሰልን አርበኞች ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ዋሻ ውስጥ ተደብቀን እንታከም ነበር። የዋሻው አፍ በወፍራም የእንጨት በር ተዘግቷል፤ መወርወሪያው በውስጥ በኩል ብቻ ነው። እኔ እግሬን ተመትቼ በሩ ሥር ስለተኛሁ፣ የክቡር የበር ሹም የአያ እንግዳውን አገዛዝ በቅርብ ለማየት በቅቻለሁ።

ሕጋቸው አጭር ነው፤ የዕለቱን ቃል ያልተናገረ አይገባም። የነገውን ቃል ዛሬ ይመርጡና ለሚመላለሱት በጆሯቸው ይነግራሉ፤ አንድ ቀን «ሰሊጥ»፣ ሌላ ቀን «ጅግራ»። አለቃችን ሙሉአለም አንዴ ቃሉ ጠፍቶት «ኧረ እኔ ነኝ! ድምፄን ረሱት?» እያለ በዝናብ ሲደበደብ ዋለ።

«ድምፅማ በቀቀንም ያወጣል» አሉት።

ሚስታቸው አሰበች ስንቅ ስታመጣልንም ያው ነበር።

«ማነሽ?»

«ሚስትህ ነኛ! ወጡ ቀዘቀዘ፣ ክፈት!»

«ሚስቴ ቃሉን ታውቃለች።»

«ሰሊጥ! ሰሊጥ ያንቅህ!»

እኛ ቁስላችን እስኪያመን እንስቃለን። አሰበች ቃሉን አንድም ቀን ስታ አታውቅም።

በመጋቢት አንድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አሰበች።» ድምጿ ደርቋል።

«ቃሉን!»

ጮክ ብላ፣ «የምን ቃል? ቃል የሚባል ነገር ነግረኸኝ አታውቅም!» አለች።

አያ እንግዳው ፊታቸው አመድ መሰለ። መወርወሪያውን እንደያዙ ወደ እኔ ዘወር ብለው በሹክሹክታ፣ «ጣሊያኖቹ ይዘዋታል፤ ከኋላዋ ናቸው» አሉ። እጃቸውንም ከመወርወሪያው አነሱ።

ዋሻው በጀርባው ወደ ሸለቆ የሚያወጣ ስንጥቅ ነበረው። እየተሳብንና እየተደጋገፍን በዚያ ወጣን። እኔን ያዘሉኝ እሳቸው ናቸው። ወታደሮቹ በሩን በመጥረቢያ ሲመቱት ሰማን፤ ቀጥሎ አንዲት ጥይት ጮኸች። አያ እንግዳው ሲንሰቀሰቁ ደረቴ ላይ ይሰማኛል፤ እግራቸው ግን አልቆመም።

ወታደሮቹ ከሄዱ በኋላ ተመልሰን አሰበችን ወንዙ ዳር ቀበርናት።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ አያ እንግዳው ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከእኔ ቤት ጎን ይኖራሉ። በፍየሎቼ ይነጫነጫሉ፣ በአጥሬ ይነጫነጫሉ፣ በሳቄም ይነጫነጫሉ። ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም ነበር። በቀደም ማሽላ ስንቆርጥ ውለን ጥላ ሥር አረፍ እንዳልን ድንገት፣ «ተቀይማኝ ሞታ ይሆን?» አሉኝ።

«አያ እንግዳው፣ ቃሉን አላውቅም ያለችው ለአንቱ ነው» አልኳቸው። «ሌላ ሰው በሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ምልክቷ አይገባውም ነበር። አንቱን አምና ነው።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እጃቸውን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እኔ አባቴን ሳላውቅ ነው ያደግሁ። ቢኖረኝ ግን እንዲህ ያለ አስቸጋሪ ሰው እንዲሆንልኝ እመኝ ነበር።