ክብርት ዳይሬክተርና የእድራችን ድንኳን

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ምን ይወጣዋል? ፍልስፍና ሳስተምር ያረጀሁበት ጥያቄ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ግን ቁጭ ብዬ የማስብበት ፋታ አጣሁ፤ ጎረቤቴ ፊልም ትሠራለች።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ሥራ የሚያስፈታ። ክብርት ዳይሬክተር ሩሃማ ስቱዲዮ የላትም፤ እኛ አለንላት። መብራቷ የእኔ የማንበቢያ መብራት ነው፤ ካሜራዋ የሚንሸራተተው በጎረቤት የሕፃን ጋሪ ነው። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ብወጣ ግማሽ ቀን ሙሉ ቆሻሻ ስጥል ዋልኩ። «ጋሼ፣ ትንሽ ሐዘን ይጨምሩበት» ትለኛለች። ለቆሻሻ።

«ድምፅ እየቀዳሁ ነው፤ ዝም በሉልኝ» ስትል ግቢው በሙሉ ሳል ይጀምረዋል። ቆራሌውም የሚመጣው ያኔ ነው።

ፊልሙ በራችን ላይ ጎመን ሸጠው ልጆቻቸውን ስላሳደጉት ስለ ወይዘሮ ፀሐይቱ ነው። ዓመታት ፈጀባት። ሲያልቅ አንድ የሲኒማ ቤት ኃላፊ «ታዋቂ ሰው የለበትም፤ ጎመን ሻጭ ማን ከፍሎ ያያል?» ብሎ መለሳት። የእድሩ ሊቀመንበር ነኝና ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ሰው ያላየው ፊልም አልተሠራም ማለት ነው። ድንኳኑን ይስጡኝ።»

ድንኳናችን የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ሟርት ነው ብለው አጉረመረሙ። ለሞተ የምንሰበሰበውን ያህል በሕይወት ላለ ሰው አንድ ምሽት ብንሰበሰብ ምን አለበት ብዬ ተከራከርኩ፤ እያቅማሙ ለቀቁ።

ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ። ያየው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። የእድራችን አባል ኮከቤ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ እያለቀሰች ገባች፤ ማን እንደሞተ ግን አልጠየቀችም። በዚህ ምክንያት አንድም ወንበር አልተረፈም።

ሩሃማ ፊልሙ እንዲታይበት በሰቀለችው ነጭ አንሶላ ፊት ቆመች። «ሌላ ምንም አልለምናችሁም» አለች፤ «እስኪያልቅ ድረስ ዝም በሉልኝ።»

ወይዘሮ ፀሐይቱ ጎመናቸውን ተሸክመው አንሶላው ላይ ብቅ ሲሉ ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ኮከቤ እንባዋን ጠርጋ «ፀሐይቱ አይደለችም እንዴ!» አለች። ወይዘሮ ፀሐይቱ ራሳቸው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የጎመኑን ዋጋ ያርማሉ። ያ ሁሉ ሐዘን የተጨመረበት ቆሻሻዬ ሲመጣ ደግሞ፣ ሊቀመንበርነቴን ረስቼ «እኔ ነኝ!» ብዬ የጮህኩት እኔው ነኝ።

ሩሃማ ከኋላ እያለቀሰችም እየሳቀችም «ኧረ ዝም በሉልኝ» ትላለች። የለመነችን ይህችኑ ብቻ ነበር፤ አንዳችንም አላደረግንላትም።